ቃር የመሰለ አለርጂ፦ የባልቲሞር 10 ልጆች ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1995 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከአሜሪካዋ ከተማ ከባልቲሞር ባሳተሙት ጥናት የተካተቱት ልጆች 10 ብቻ ነበሩ። ሁሉም ለረጅም ጊዜ "የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰባቸው ነው" ተብለው ሲታከሙ የቆዩ ናቸው። አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ወስደዋል። የላይኛው የጨጓራ ክፍል በምግብ ቧንቧው ዙሪያ ተጠቅልሎ የሚሰፋበት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውም ነበሩ። ማስመለሱና ሕመሙ ግን አልለቀቃቸውም። በሽታቸው ዛሬ ኢዮሲኖፊሊክ ኢሶፋጋይቲስ የሚባለው፣ ምግብ የሚቀሰቅሰው የምግብ ቧንቧ ብግነት (መቆጣት) ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጆቹን ቀድሞ ያከሙት ሐኪሞች የሳቱት በግዴለሽነት አልነበረም። በ1982 የታተመ ጥናት በምግብ ቧንቧ ሽፋን ውስጥ ኢዮሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል መገኘቱን የአሲድ መመለስ መለያ አድርጎ አቅርቦት ነበር። ከዚያ በኋላ ከልጁ የምግብ ቧንቧ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ታይቶ ኢዮሲኖፊል ሲገኝበት መልሱ የተዘጋጀ ሆነ፦ አሲድ ነው፣ መድኃኒቱ ይጨመር፣ ካልሆነ ቀዶ ሕክምና። መድኃኒቱ አለመሥራቱ ምርመራውን ከማስጠርጠር ይልቅ ለበለጠ መድኃኒት ምክንያት ሆነ።

ጤናማ የምግብ ቧንቧ ኢዮሲኖፊል የለውም። በጨጓራ፣ በትንሹ አንጀትና በትልቁ አንጀት ውስጥ ግን በጤና ጊዜም ይኖራል፤ ስለዚህ ከእነዚያ የተወሰደ ናሙና ላይ ሴሉን ማየት ብቻውን ብዙ አይነግርም። በምግብ ቧንቧ ላይ ሲታይ ነገሩ ይለያል። አሲድ ሲመለስ ጥቂት ኢዮሲኖፊል፣ በብዛት በታችኛው ጫፍ፣ ሊታይ ይችላል። በባልቲሞር ልጆች የተቆጠረው ግን በአንድ ከፍተኛ የማይክሮስኮፕ እይታ እስከ 100 ይደርስ ነበር፤ ዝቅተኛው 15፣ መካከለኛው 41። "አለ" ወይም "የለም" ብሎ የሚጽፍ ፓቶሎጂስት (ናሙናውን የሚመረምር ሐኪም) ይህን ልዩነት ለሐኪሙ አላስተላለፈም ማለት ነው። ቁጥሩ መጻፍ አለበት።

በዚያው ሰሞን ሁለት ሌሎች ቡድኖች ተመሳሳይ ነገር በአዋቂዎች ላይ እያዩ ነበር። በ1993 በ12፣ በ1994 ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ በ10 አዋቂዎች ላይ፣ ምግብ ሲውጡ የሚይዛቸው፣ የምግብ ቧንቧቸው በኢዮሲኖፊል የተሞላ፣ ነገር ግን የአሲድ ችግር የማይገልጸው ሕመም ተመዘገበ። እነዚህ ሐኪሞች አዲስ በሽታ መኖሩን ተናገሩ። የባልቲሞሩ ቡድን የጨመረው መንስኤውን ነው።

የቡድኑ አስተሳሰብ ቀላል ነበር። ኢዮሲኖፊል በአስምና በአለርጂ የሚታወቅ ሴል ነው። የምግብ አለርጂን የሚቀሰቅሰው ደግሞ በምግቡ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። ታዲያ ልጁን ምንም ሙሉ ፕሮቲን የሌለበት ምግብ ብቻ ብንመግበውስ? ለዚህ የተመረጠው ናይትሮጂኑን በሙሉ ከነጠላ አሚኖ አሲዶች የሚያገኝ የዱቄት ፎርሙላ ነው። ፕሮቲኑ በከፊል የተፈጨ ፎርሙላ አይተካውም፤ በውስጡ የሚቀሩት አጫጭር ቁርጥራጮች በአንዳንድ ልጆች ላይ ምላሹን ለመቀስቀስ ይበቃሉ። ልጆቹ ቢያንስ ለ6 ሳምንት በዚህ ፎርሙላ ኖሩ፣ ከዚያ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ መመልከት) እና ባዮፕሲ (ትንሽ የሽፋን ናሙና መውሰድ) ተደገመላቸው።

6 ሳምንት ወላጅ ሲሰማው አጭር ይመስላል። ፎርሙላው ጣዕሙ መጥፎ ነው፣ ዋጋው ውድ ነው፣ ከፍ ያለ ልጅ በፈቃዱ የሚፈልገውን መጠን አይጠጣም፤ በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። አንድ ቁራሽ ብስኩት በየሁለት ቀኑ ከተሰጠ ደግሞ ሙከራው ይበላሻል፣ ምክንያቱም ሽፋኑ የሚያገግመው ቀስቃሹ ምግብ ለሳምንታት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ነው። ውጤቱ መጥፎ ሆኖ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምን ተሰጠው?" እንጂ "ሕክምናው ይሠራል?" አይደለም።

በባልቲሞር የ8ቱ ልጆች ምልክት ሙሉ በሙሉ ጠፋ፣ የቀሩት 2 ተሻላቸው። የኢዮሲኖፊሉ መካከለኛ ቁጥር ከ41 ወደ 0.5 ወረደ። ወሰኑ ከ0 እስከ 22 ነበር፤ ስለዚህ ቢያንስ በአንድ ልጅ ሽፋኑ አልጸዳም። ይህች ትንሽ ዝርዝር ዛሬም ዋጋ አላት፤ ምልክትና ናሙና ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ደህና ነኝ የሚል ታካሚ በውስጡ ብግነት ሊኖረው ይችላል።

ጉዳዩን ከተራ የአመጋገብ ለውጥ የለየው ቀጣዩ እርምጃ ነው። ምግቦቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ምልክቱም ተመለሰ። ከቀስቃሾቹ ግንባር ቀደም የላም ወተት ነበር፤ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ለውዝና እንቁላልም ተገኙ። ማንሳት ብቻውን ቢሆን ልጁ በራሱ ጊዜ ተሻለው፣ ወይም ፈሳሽ ምግብ ለጨጓራው ቀለለው ሊባል ይችል ነበር። አንስቶ መመለስ ግን ይህን ክርክር ያጠባል። አይዘጋውም፤ የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፣ ምግቡ ሲመለስ ሐኪሙም ወላጁም ምን እንደተሰጠ ያውቁ ነበር፣ ልጆቹም ተመርጠው የገቡ ናቸው። 10 ሰው ይዞ አጠቃላይ የስኬት መጠን መናገር አይቻልም። ያም ሆኖ የናሙናው ቁጥር በወላጅ ተስፋ አይወርድም።

ከዚያ በኋላ የመጡት 30 ገደማ ዓመታት ምን እየሆነ እንደነበር አብራርተዋል። የምግብ ቧንቧ ሽፋን እንደ ቆዳ ብዙ ድርብ ያለው ነው፤ ሴሎቹን ዴስሞግሊን 1ን የመሳሰሉ ፕሮቲኖች አጣብቀው ይይዟቸዋል። በበሽታው ጊዜ ይህ ማጣበቂያ ይላላል፣ በሴሎቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ የምግብ ፕሮቲን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የተጎዳው ሽፋን ቲኤስኤልፒ እና ኢንተርሉኪን 33 የተባሉ የማስጠንቀቂያ ፕሮቲኖችን ይለቃል። እነሱ ቲ ሴሎች የተባሉትን የበሽታ መከላከያ ነጭ የደም ሴሎች ወደ አለርጂ አቅጣጫ ይገፋሉ። ቲ ሴሎቹ ኢንተርሉኪን 5 እና 13 የተባሉ መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ፤ የመጀመሪያው ኢዮሲኖፊልን ያበዛል፣ ሁለተኛው የምግብ ቧንቧው ሽፋን ራሱ ኢዮታክሲን 3 የተባለውን መጥሪያ እንዲያመነጭ ያደርጋል። ኢዮሲኖፊሉም ጥሪውን ተከትሎ ከደም ወደ ሽፋኑ ይገባል። ኢንተርሉኪን 13 በተጨማሪ ማጣበቂያውን ራሱን ያዳክማል፤ ስለዚህ ዑደቱ ይዘጋል፦ ክፍተት፣ ፕሮቲን፣ ብግነት፣ ሰፊ ክፍተት።

በዘር በኩልም ምልክቱ ወደዚሁ ይጠቁማል። በበሽታው ከተያዙ ሰዎች ጋር የተያያዙት የዘረመል ቦታዎች አንዱ የቲኤስኤልፒ፣ ሌላው ደግሞ በምግብ ቧንቧ ሽፋን ውስጥ ጎልቶ የሚገኘው የካልፔይን 14 ነው። ማለትም ችግሩ የደም ሴል ብቻ ሳይሆን የሽፋኑም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በሽታው ምግብ በተበላ በደቂቃዎች ውስጥ ሽፍታና የመተንፈስ ችግር የሚያመጣው የተለመደው የምግብ አለርጂ አይደለም። ያኛው በኢሙኖግሎቡሊን ኢ የሚመራ ነው፤ ይህን ፀረ እንግዳ አካል የሚያግደው ኦማሊዙማብ በዚህ በሽታ ላይ አልሠራም። ስለዚህ የቆዳ መውጊያ ወይም የደም አለርጂ ምርመራ ጥፋተኛውን ምግብ በአስተማማኝ ሁኔታ አያሳይም። በምርመራ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ሽንብራ፣ ቲማቲምና ዶሮ የተከለከለ፣ ወተት ግን የተፈቀደለት ልጅ ያለ ጥቅም ይራባል።

ኢዮሲኖፊሉ ራሱ ዋናው ጥፋተኛ ነው ወይ የሚለው ጥያቄም መልሱ ያልተጠበቀ ሆነ። በ2024 ውጤቱ የታተመው የቤንራሊዙማብ መድኃኒት ሙከራ ኢዮሲኖፊልን ከሽፋኑ ጠራርጎ አወጣ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 87 በመቶ ገደማ በናሙና ምላሽ ሰጡ፣ ማስመሰያ (መድኃኒት የሌለበት) ከወሰደው ቡድን ደግሞ 6.5 በመቶ። የመዋጥ ችግሩ ግን ከማስመሰያው አልተለየም። የኢንተርሉኪን 4 እና 13ን የጋራ ተቀባይ የሚዘጋው ዱፒሉማብ የተባለ መድኃኒት በተቃራኒው ናሙናውንም መዋጡንም አሻሻለ። ስለዚህ በባልቲሞር የተቆጠሩት 41 ሴሎች የእሳቱ ጭስ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ለመለካት ይበጃሉ፣ እነሱን ብቻ ማጥፋት ግን አይበቃም።

ባክቴሪያዎቹስ? በ1995 ይህን ጥያቄ ያነሳ ሰው አልነበረም ቢባል አይጋነንም፤ የምግብ ቧንቧ ምግብና ምራቅ የሚያልፉበት መንገድ እንጂ የራሱ ነዋሪ ያለው ቦታ አይመስልም ነበር። በ2004 የኒው ዮርክ ተመራማሪዎች ከ4 ሰዎች ጤናማ የታችኛው ምግብ ቧንቧ 95 የባክቴሪያ ዓይነቶችን በዘረመል ለዩ። ስትሬፕቶኮከስ ቀዳሚ ሲሆን ፕሪቮቴላና ቬይሎኔላ ይከተሉታል። በ2009 በ34 ሰዎች ላይ የተሠራው ተከታይ ሥራ ሁለት ዓይነት ስብስብ አገኘ፤ በስትሬፕቶኮከስ የሚመራው ከጤናማ ሽፋን ጋር፣ ኦክስጅን የማይወዱ፣ ግራም ኔጋቲቭ የተባለው ወገን ባክቴሪያዎች የበዙበት ደግሞ ከአሲድ ብግነትና ባሬት ከሚባለው የሽፋን ለውጥ ጋር ተያያዘ።

በኢዮሲኖፊሉ በሽታ ሥዕሉ ሌላ ነው። በ2015 የታተመ ጥናት ከ70 ሰዎች ናሙና የወሰደው በክር ነው፦ ታካሚው ክር የተጠቀለለባት ካፕሱል ይውጣል፣ የክሩ ጫፍ ጉንጩ ላይ ይለጠፋል፣ ክሩ ሲወጣ የምግብ ቧንቧውን ፈሳሽ ይዞ ይመጣል። የባክቴሪያው ጠቅላላ ብዛት በበሽተኞቹ ጨምሮ ተገኘ፤ ሕክምና ላይ ያሉትም የሌሉትም። ሄሞፊለስ ባልታከሙት ላይ በተለይ በዛ። በዚያው ዓመት የፊላዴልፊያ ቡድን የልጆችን ባዮፕሲ መርምሮ ኒሴሪያና ኮሪኔባክቴሪየም በንቁ በሽታ ላይ መብዛታቸውን፣ ጤናማዎቹ ላይ ስትሬፕቶኮከስ የሚመደብበት ፈርሚኩተስ የተባለ የባክቴሪያ ክፍል ማየሉን ዘገበ። ጥፋተኛው ምግብ ሲመለስ ደግሞ ግራኑሊካቴላና ካምፒሎባክተር ጨመሩ።

ለምን እንደሚሆን ሁለት መንገድ አለ። የግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ ቅርፊት በሽፋኑ ላይ ያሉትን፣ ባክቴሪያን የሚለዩ ቶል መሰል ተቀባዮች ሊቀሰቅስና ብግነቱን ሊያባብስ ይችላል። ወይም የላላው ሽፋን፣ የሚቆየው የምግብ ቅሪትና የተለወጠው ንፍጥ ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ምቹ ሆኖ ሊሆን ይችላል። የባልቲሞሩን መስፈርት እዚህ ላይ ብናመጣው ማስረጃው ገና እንደማይበቃ ይታያል፦ ባክቴሪያ ተነሥቶ ብግነት የጠፋበት፣ ተመልሶ ብግነት የተመለሰበት የሰው ሙከራ ለምግብ እንደተደረገው አልተደረገም። በጨቅላነት አንቲባዮቲክ መውሰድና በቀዶ ሕክምና መወለድ ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተዘግበዋል፤ ይህም ግንኙነት እንጂ መንስኤ አይደለም። ስለዚህ ለዚህ በሽታ ተብሎ የሚሸጥ ፕሮባዮቲክ (ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ምርት) ገንዘብ ከማስወጣት ያለፈ የተረጋገጠ ሥራ የለውም።

ናሙናው ራሱ ወጥመድ አለው። ባዮፕሲ ትንሽ ሥጋ ሲሆን አብዛኛው ዘረመል የሰው ነው፤ ኢንዶስኮፑ በአፍ ስለሚገባ የምራቅ ባክቴሪያ ይዞ ይወርዳል፤ ታካሚው የሚወስደው ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲዱን ቀንሶ ነዋሪዎቹን ይለውጣል። መድኃኒቱን ያልመዘገበ፣ የአፍን ናሙና አብሮ ያልወሰደ ጥናት ውጤቱ ምንን እንደሚያሳይ መናገር ይከብዳል።

የአሲዱ በሽታም ቢሆን ከምንገምተው በላይ የበሽታ መከላከል ሥርዓት ጉዳይ ሆኗል። በ2016 በታተመ፣ በአሜሪካ ዳላስ በተሠራ ጥናት ቀደም ሲል ከባድ የአሲድ ቁስለት የነበራቸው 12 ሰዎች መድኃኒታቸውን አቁመው በ1 እና በ2 ሳምንት ናሙና ሰጡ። አሲድ ከላይ እያቃጠለ ወደ ታች የሚወርድ ቢሆን መጀመሪያ መጎዳት የነበረበት የላዩ ድርብ ነው። የታየው ግን ሽፋኑ ሳይላጥ ቲ ሴሎች ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ ኢዮሲኖፊልና ኒውትሮፊል ግን ጥቂት ወይም የሉም። ስለዚህ በሁለቱ በሽታዎች መካከል ያለው ልዩነት "አንዱ ቃጠሎ፣ ሌላው አለርጂ" ከሚለው የረቀቀ ነው።

ከባልቲሞሮቹ አንዱ ልጅ ዛሬ ቢመጣ ሥራው የሚጀምረው በደንብ በተወሰደ ናሙና ነው። ብግነቱ ነጠብጣብ ስለሆነ አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ ያመልጠዋል፤ ቢያንስ 6 ቁራጭ፣ ከላይና ከታች ለየብቻ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ወይም ቁመታዊ መስመር ካለበት ቦታ ይወሰዳል። ሽፋኑ ለዓይን ጤናማ መስሎ ቢታይም ይወሰዳል። መለኪያው በአንድ ከፍተኛ እይታ 15 ወይም ከዚያ በላይ፣ በካሬ ሚሊሜትር 60 ገደማ ነው፤ የማይክሮስኮፖች የእይታ ስፋት ስለሚለያይ ሁለተኛው ቁጥር ይመረጣል። ከጨጓራና ከትንሹ አንጀት መጀመሪያም ናሙና ይወሰዳል፤ ኢዮሲኖፊሉ እዚያም ከመጠን በላይ ከሆነ በሽታው ሌላ ነው።

ኦሜፕራዞል እስከ 2018 ድረስ መለያ ፈተና ነበር፤ ከሠራ "አሲድ ነው" ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ያ ቀርቷል። መድኃኒቱ አሲድን ከመቀነስ ውጭ በሽፋኑ ውስጥ የኢዮታክሲን 3ን ምርት ስለሚገታ ከ10 ታካሚ 4 ገደማ ላይ ናሙናውን ያጸዳል። ለአዋቂ 20 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት፣ ለ8 እስከ 12 ሳምንት ይሰጥና ናሙና ይደገማል። በአገራችን ደረት የሚያቃጥል ነገር ሁሉ "ጨጓራ ነው" ተብሎ ኦሜፕራዞል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚገዛ፣ ታካሚው ኢንዶስኮፒ ላይ ሲደርስ ብግነቱ በከፊል ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ምን፣ ስንት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ መጠየቅ ከምርመራው ክፍል ነው።

ሁለተኛው አማራጭ የሚዋጥ ስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ነው። ለመተንፈሻ መሣሪያ የተሠራ ቡዴሶናይድ ፈሳሽ ከወፍራም ጣፋጭ ነገር ጋር ተለውሶ ይዋጣል፤ ከ10 ዓመት በታች በቀን 1 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ 2 ሚሊግራም የተለመደ መነሻ ነው። ከዋጡ በኋላ ለ30 ደቂቃ መብላትም መጠጣትም የለም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ልጁ ወዲያው ውኃ ይጠጣል፣ ወይም ፍሉቲካዞን (ሌላ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረጭ ስቴሮይድ) የታዘዘለት ወደ ሳንባው ይስበዋል። መድኃኒቱ አፍ ውስጥ ተረጭቶ መዋጥ አለበት። የጉሮሮ ካንዲዳ (ፈንገስ) የተለመደ ጎጂ ውጤት ስለሆነ አፍ መጉመጥመጥና መትፋት ያስፈልጋል። ዱፒሉማብ በአሜሪካ በ2022 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ በ2024 ደግሞ ክብደታቸው 15 ኪሎ ለሞላ፣ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ተፈቅዷል፤ 40 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 300 ሚሊግራም በሳምንት አንዴ በመርፌ። ዋጋው ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይታሰብ ነው።

ምግብን ማንሳት የሚመርጥ ሰው ዛሬ ከፎርሙላ አይጀምርም። በ2006 የቺካጎ ሐኪሞች ስድስት የምግብ ቡድኖችን፣ ማለትም ወተት፣ ስንዴ፣ እንቁላል፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝና የዛፍ ፍሬዎች፣ ዓሣና የባሕር ምግብ፣ ብቻ አንስተው በልጆች 74 በመቶ ምላሽ አገኙ፤ ፎርሙላው 88 በመቶ ነበር። በ2023 ደግሞ በ129 አዋቂዎች ላይ ወተትን ብቻ ማንሳት 34፣ ስድስቱንም ማንሳት 40 በመቶ ሰጠ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ በወተት መጀመር ምክንያታዊ ነው።

በሐበሻ ቤት ይህ ከሚመስለው ቀላልም ከባድም ነው። ዐቢይ ጾምን በሙሉ የሚጾም አዋቂ 55 ቀን ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምስም፤ ለሙከራ ከሚያስፈልገው 6 ሳምንት ይበልጣል። በጾሙ መጨረሻ መዋጡ መቅለሉን፣ ከፋሲካ በኋላ መመለሱን የሚናገር ታካሚ ለሐኪሙ ጠቃሚ ፍንጭ ሰጥቷል። ተቃራኒው ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ምክንያቱም በጾም ዳቦ፣ ለውዝና አኩሪ አተር ይበዛሉ። የጤፍ እንጀራ ከስንዴ ነጻ ቢሆንም ውጭ አገር የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ነው፤ አገር ቤት ደግሞ ከስንዴ በኋላ ጤፍ የሚፈጭበት ወፍጮ አለ። ንጥር ቅቤ የወተት ፕሮቲን ቅሪት ስለሚኖረው በሙከራው ጊዜ አይፈቀድም። ለልጅ ወተት ሲነሳ ካልሲየሙና ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታቀድ፤ ክብደቱም በየወሩ ይለካ።

ምግቦቹ ሲመለሱ አንድ በአንድ ነው፤ በየተራው ለ6 ሳምንት ገደማ ይበላል፣ ከዚያ ኢንዶስኮፒ ይደገማል። ሁለት ምግብ አብሮ ተመልሶ ናሙናው ከተበላሸ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ወራቱ በከንቱ ሄዱ ማለት ነው።

ሳይታከም የቆየ ብግነት ከሽፋኑ ሥር ጠባሳ ይሠራል። ልጅ ሲያስመልስ፣ አዋቂን ግን ሥጋ የሚይዘው በዚህ ነው፤ ቧንቧው በቀለበት ይጠባል። የተያዘ ምግብ ምራቅ እንኳ የማያስውጥ ከሆነ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። በዳቦ ወይም በውኃ ለመግፋት መሞከር፣ ሥጋ የሚያለሰልስ ዱቄት መጠጣት ቧንቧውን ሊበሳ ይችላል። ሐኪሙም ምግቡን በኢንዶስኮፒ ካወጣ በኋላ እዚያው ላይ እያለ ናሙና መውሰድ አለበት። ይህ በተደጋጋሚ የሚዘለል ነው፤ ታካሚው የተያዘው ሲወጣለት ደህና ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ተመልሶ የሚመጣው ሌላ ቁራሽ ሲይዘው ነው።